ለዶማው "ሕዝብ" ነን፣ ለውሳኔውስ? የቦርከና ጉዳይ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደቡብ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው አንድ ካላንደር በቃሉ ያውቃል። ጥር ሲገባ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ፣ ሐምሌ ሲገባ ችግኝ ተከላ። ዶማ ያለው ዶማውን፣ አካፋ ያለው አካፋውን ይዞ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ዜና ላይ "ሕብረተሰቡ በነቂስ ወጥቶ ተሳትፏል" ይባላል። እኛም ወጥተናል፣ ቆፍረናል። ሰልፊውንም ለጥፈናል፣ አንዋሽም።

ግን እስቲ አስቡት። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ "ይህ ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ ፍሳሹን የት እንደሚለቅ የተጠናው ጥናት ይኸውላችሁ፣ አንብቡና አስተያየት ስጡ" ብሎ የጠራችሁ አለ? "የወንዛችሁ ውሃ በዚህ ወር ሲመረመር ይህን ያህል ተገኝቶበታል" የሚል ወረቀት ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይታችኋል? እኛ አላየንም።

እና "የሕብረተሰብ ተሳትፎ" የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ሲደርስ ትርጉሙ ጉልበት ብቻ ሆኗል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ሕጉ ለማንኛውም ሰው፣ ለአንድ የ18 ዓመት ተማሪም ቢሆን፣ ወንዝ የሚበክልን ድርጅት የመክሰሻ መንገድ ሰጥቷል። የቀን ገደብ ሁሉ አስቀምጧል። ይህን መንገድ የሚያውቀው ሰው ግን ትንሽ ነው፣ የሚጠቀምበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዛሬ እሱን እናውራ። ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት ግን ወንዙን እንይ።

ቦርከና

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ይነሳል። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል፣ መሐል ላይ ከተማው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ሐረጎን በታክሲ የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈንበት ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል። ውሃም እንደ ታክሲው ይወርዳል፣ ልዩነቱ ውሃ ተመልሶ አይወጣም። ከኮምቦልቻ በኋላ ቃሉን ይዞ፣ በከሚሴ በኩል የጨፋን ረግረጋማ ሜዳ አቋርጦ መጨረሻው አዋሽ ነው።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ደሴ ላይ ከድልድይ የተወረወረ ፌስታል "ወንዝ ውስጥ" አልተጣለም፤ ኮምቦልቻ ነው የተጣለው። ዳይፐሩም፣ ሃይላንዱም፣ ከሽንት ቤት በድብቅ በክረምት ዝናብ የሚለቀቀውም። ኮምቦልቻ የምትለቀው ደግሞ ለቃሉ ገበሬና ጨፋ ላይ ከብቱን ለሚያጠጣው አርብቶ አደር ነው የሚደርሰው። በበጋ ጨፋ ላይ የአማራም፣ የኦሮሞም፣ የአፋርም ከብት ይሰማራል። በሌላው ወር ስለ ድንበር የሚከራከር ሰው ሁሉ በበጋ አንድ ውሃ ነው የሚጠጣው።

"እኔ ወንዝ አልጠጣም፣ የቧንቧ ነው የምጠጣው" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሁለቱም ከተሞች በዋናነት የሚጠጡት ከከርሰ ምድር፣ ከጉድጓድና ከምንጭ ነው። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለ ጉድጓድና ወንዙ ከሥር ይገናኛሉ፤ ደለሉ መሐል ያለው ውሃ አጥር የለውም። ሁለተኛ፣ የቃሉ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን በመስኖ ነው የሚለማው፣ ያ አትክልት ደግሞ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ገበያ ይመጣል። ታክሲው ወደ ላይም ይሠራል ማለት ነው። ደሴ ቁልቁል የላከችውን በጎመን መልክ ትቀበላለች።

ሌላም አለ። ጉድጓድ ፓምፕ ይፈልጋል፣ ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። በ2014ቱ ጦርነት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሁለቱ ከተሞች ሲያዙ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻም በዚያው ሲቆዩ፣ መብራት የሌለበት ከተማ ምን እንደሚመስል እዚህ የነበረ ሁሉ አይቶታል። ከዚያ በፊት በ2013 ክረምት ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ የሁለቱንም ከተሞች ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ የሚቀረው ምንጭና ወንዝ ነው። ወንዙን ቆሻሻ መጣያ ያደረገ ከተማ የክፉ ቀን ውሃውን ነው የጣለው።

በነገራችን ላይ፣ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የደሴ ከተማ አስተዳደር 151,174፣ የኮምቦልቻ ደግሞ 85,367 ሰው ነበረው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። ከተሞቹ ምን ያህል እንዳደጉ ለማየት ግን ቆጠራ አያስፈልግም፣ በጠዋት ተነስቶ ጀሪካን የያዘውን ሰልፍ ማየት በቂ ነው።

የተለካው ነገር

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ነች። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቆዳ ፋብሪካ አለ፣ የብረታ ብረት፣ የቢራ፣ የሥጋ ማቀነባበሪያ አለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት፣ 75 ሄክታር ላይ ያረፈው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ጥሩ ነገር ነው። ስንቱ ጓደኛችን፣ ስንቷ እህታችን ከዚያ እንጀራ እንደበላች እናውቃለን። ስለዚህ ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርገው፦ "ፋብሪካ ይዘጋ" እያልን አይደለም።

ግን የተለካ ነገር አለ። ከኔዘርላንድሱ የዴልፍት የውሃ ትምህርት ተቋም ጋር የሠራ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ኮምቦልቻ ላይ የአምስት ፋብሪካዎችን ፍሳሽና ፍሳሹን የሚቀበሉትን ወንዞች ናሙና ወስደው መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም አቀፍ የአካባቢ ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ከቆዳ ፋብሪካ በሚወጣው ፍሳሽ ውስጥ የክሮሚየም መጠን መሐከለኛው ልኬት በሊትር 26.6 ሚሊግራም ነበር። ከብረታ ብረት ማቀነባበሪያው ፍሳሽ ውስጥ የዚንክ መጠን በሊትር 155 ሚሊግራም አለፈ። ዚንክ ማለት ያው ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጠው ነው። ሁለቱም የኢትዮጵያን የፍሳሽ ገደብ በጣም ያለፉ ናቸው።

ለፍትሐዊነት ይህንንም እንጻፍ፦ የቢራው፣ የጨርቃ ጨርቁና የሥጋው ፍሳሽ በብረታ ብረት ይዘት ረገድ ገደቡን አላለፈም። "ፋብሪካ ሁሉ ያው ነው" የሚለው የሻይ ቤት ወሬ ትክክል አይደለም። ጥሩ ልኬት ጥፋተኛውንና ያላጠፋውን ይለያል፣ ለዚያም ነው የሚያስፈልገው።

ወንዙስ? ሌዮሌ የምትባለው የቦርከና ገባር ከቆዳ ፋብሪካው በታች፣ ፍሳሹ ከውሃው ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ ላይ፣ ክሮሚየሟ ከላይ ከነበረው 52 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በሊትር 2.66 ሚሊግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 0.05 ነው። አዎ፣ ሌዮሌን የቧንቧ ውሃ ነው ብሎ የሚቀዳ የለም። ከብት ግን ሰሌዳ አያነብም፣ ጎመንም አይመርጥም።

እዚህ ላይ ትንሽ ኬሚስትሪ፣ ታገሱን። ክሮሚየም ሁለት መልክ አለው። ቆዳ ለማልፋት የሚጠቀሙበት ሦስተኛው ዓይነት የሚባለው ሲሆን ጉዳቱ አነስ ያለ ነው። ስድስተኛው ዓይነት የሚባለው ግን ካንሰር አምጪ ተብሎ በዓለም ደረጃ የተፈረጀ ነው። አንዱ ወደ ሌላው ሊለወጥ የሚችልበት ሁኔታም አለ። ስለዚህ "ክሮሚየም ተገኘ" ሲባል ወዲያው መደናገጥም፣ "ምንም አይደለም" ብሎ ማለፍም አያዋጣም። የትኛው ዓይነት፣ የት፣ ምን ያህል ብሎ በተከታታይ መለካት ነው ሥራው። ብረት ደግሞ እንደ ቆሻሻ ሽታ ጥሎ አይሄድም። ደለል ውስጥ ይቀመጣል፣ ጎርፍ ሲመጣ እንደገና ይነሳል።

"ያ የድሮ ልኬት ነው፣ አሁን ማጣሪያ ተተክሏል" የሚል መልስ ካለ፣ ደስ ይለናል። ታዲያ ቁጥሩን ለጥፉት። በየወሩ። ቀበሌ ሰሌዳ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ። አንድ ገጽ ነው።

ማይባር

አገራችን መለካት አትችልም የሚል ካለ ከደሴ ብዙ ሳይርቅ አልቡኮ ወረዳ ይሂድ። ማይባር ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ነበሩ ያቋቋሙት። 113 ሄክታር ገደማ በሆነች ትንሽ ተፋሰስ ላይ ዝናቡ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ጎርፉ ስንት አፈር ይዞ እንደሄደ ሲመዘገብ ኖሯል። የማይባር ውሃም በመጨረሻ ወደ ቦርከና ነው የሚወርደው። ማለትም በዚሁ ተፋሰስ ላይ የአፈሩን ኪሳራ በኪሎ የሚያውቅ መዝገብ አለን። ፋብሪካ ሥር ያለችውን ጅረት ግን በተከታታይ ለክቶ ለነዋሪው የሚነግር የለም። ዕውቀት ጠፍቶ አይመስለንም።

ማይባር የተቋቋመበት ዘመን ሌላም ትምህርት አለው። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወሎ ተራራ ላይ የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። እርከን ተሠራ፣ ተራራ ተከለለ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ባሕር ዛፍም ጥድም። ሠራተኛው የሚከፈለው በምግብ ነበር፦ በቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ "የስንዴው እርከን" ሲሏችሁ ትሰማላችሁ።

ከዚያስ? በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ላይ ያ ዛፍ በወራት ውስጥ ተቆረጠ፣ እርከኑም ፈረሰ። ሰው ከፍቶ ነው? አይደለም። "የመንግሥት ደን" ነበር ስሙ። ማን እንደሚከለል፣ የቱ ተራራ እንደሚዘጋ፣ ሳሩን ማን እንደሚያጭድ ገበሬው አልተጠየቀም። የተፈለገው ጉልበቱ ነበር፣ ለጉልበቱም ስንዴ ተሰጠው፣ በቃ ሒሳቡ ተዘጋ። መንግሥት ሲሄድ ባለቤት የሌለው ንብረት ሆነ። በዚህ ላይ ብዙ ምሁራን ጽፈዋል፣ ብዙዎቹም የሚደርሱበት ድምዳሜ ይኸው ነው፦ የኔ ያላለውን ሰው አይጠብቅም።

አሁን ያለው ዘመቻ በስንዴ አይደለም፣ በነፃ ነው። ከ2011 ጀምሮ "አረንጓዴ አሻራ" ተብሎ አገር አቀፍ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ መንግሥት አስታውቋል። የተተከለውን እንቆጥራለን፣ የጸደቀውን ግን ማን ይቆጥራል የሚለውን ጥያቄ በየዓመቱ ኮሜንት ላይ ትጽፋላችሁ፣ ልክ ናችሁ። እኛ ግን የምንጨምረው አለ። ችግኙ የት ይተከል፣ ምን ዓይነት ይሁን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ፍሬው የማን ይሁን ብሎ ከመትከሉ በፊት የተጠየቀ ሰፈር የትኛው ነው?

ሕጉ ላይ ያለውና የማይነበበው

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ስለ አካባቢ ጥበቃ ነው። ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥትና ዜጎች አካባቢያቸውን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው ይላል። ይህን በየዘመቻው መክፈቻ ንግግር ላይ ትሰሙታላችሁ። ከሱ ከፍ ብላ ያለችውን ንዑስ አንቀጽ 3ን ግን የሚያነብላችሁ የለም። እሷ የምትለው ሕዝብ በቀጥታ የሚነኩትን የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲታቀዱም ሲተገበሩም የመመከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ነው። ግዴታዋን እናውቃታለን፣ መብቷ አንድ መስመር ከላይ ቁጭ ብላለች። አንቀጽ 44 ደግሞ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል።

እነዚህ ትልልቅ ቃላት ናቸው፣ ትልልቅ ቃል ደግሞ ቢሮ በር ላይ ብዙ አይሠራም። የሚሠራው በ1995 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች ናቸው።

አንደኛው አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ነው። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት አካባቢ ላይ ምን እንደሚያደርስ ይጠናል። ይህ ጥናት ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሕዝብን አስተያየት መጠየቅ አለበት፣ በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት የአካባቢው ሰው ያለው ነገር በሪፖርቱም በግምገማውም ውስጥ መግባት አለበት። "አለበት" ነው የሚለው፣ "ቢቻል" አይደለም።

ሁለተኛው አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ። አንቀጽ 11ን ስክሪንሾት አድርጉት። በራሳችን ቋንቋ ስንነግራችሁ እንዲህ ነው፦ ማንኛውም ሰው፣ "እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ" ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ወይም ድርጅት ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በተሰጠው ውሳኔ ካልረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። "ምን አገባህ፣ መሬቱ ያንተ ነው?" የሚለው ጥያቄ በዚህ ሕግ ላይ አይሠራም። ደሴ ቁጭ ብላችሁ ስለ ኮምቦልቻ ማመልከት ትችላላችሁ፣ ኮምቦልቻ ያለውም ስለ ደሴ ቆሻሻ። ሌላው፣ ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅ የለባችሁም፣ "ሊጎዳ የሚችል" ይበቃል። ከብት እስኪሞት ወይም ልጅ እስኪታመም አያስጠብቅም።

የ30 ቀኗ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለችም። ቢሮ የሚያውቅ ሰው ያውቃል። "ሰውዬው ስብሰባ ናቸው"፣ "ነገ ና"፣ "በሂደት ላይ ነው" የሚባለው ነገር በሕጉ ፊት ዝም እንደማለት ነው፣ ዝም ማለቱ ራሱ የፍርድ ቤቱን በር ይከፍታል። ግን ይህ የሚሆነው ማመልከቻው በጽሑፍ ገብቶ ገቢ ከሆነ ብቻ ነው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ቀን የለውም። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ፎቶ ስታነሱ ቦታውና ሰዓቱ ይታወቅ፣ ፍሳሹ የሚወጣበት ቱቦና ወንዙ የሚገናኙበትን አንሱ። የውሃው ቀለም ሲቀየር የሚቀየርበትን ሰዓት መዝግቡ፣ ሌሊት የሚለቀቅ ፍሳሽ ቀን ላይ በሚመጣ ተቆጣጣሪ አይታይም። የግለሰብ ሠራተኛ ፊት ግን አትለጥፉ። ጥበቃው ወይም ማሽን ላይ ያለው ልጅ ውሳኔው የሱ አይደለም።

ቁጥር ማግኘት ከፈለጋችሁ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ ለመመለስም 30 ቀን ያስቀምጣል። ሳይሰጧችሁ ሲቀሩ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋር ይኬዳል። ይህን አዋጅ ብዙ ሰው የጋዜጠኛ ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። አይደለም፣ የናንተም ነው።

ሕጉ ካለ ለምን ወንዙ አልጸዳም?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሕግ ወረቀት ላይ ስላለ ብቻ አይሠራም፣ እኛም ልጅ አይደለንም።

አፓፕ በሚል ስም የሚታወቀው የመብት ተሟጋች ድርጅት ከዓመታት በፊት የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለትን ይዞ የያኔውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ከሶ ነበር፣ "ሥራህን አልሠራህም" ብሎ። ክሱ ውድቅ ሆነ። አቃቂን ዛሬ ያየ ሰው ቀሪውን አይጠይቅም። እኛ ከዚያ የምንወስደው ግን "አይቻልም" የሚለውን አይደለም። ተቆጣጣሪውን በቀጥታ ከመክሰስ ይልቅ፣ የሚበክለውን ድርጅት ስም ጠርቶ፣ መጀመሪያ አቤቱታ አስገብቶ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ደረጃውን ጠብቆ መሄድ ይሻላል። አንቀጽ 11 የተሠራው ለዚህ ነው።

መንገዱ ካልተሠራበት ሌላው አማራጭ ምን እንደሆነ ለገደምቢ አሳይቶናል። በጉጂ የሚገኘው የወርቅ ማዕድን ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጣ፣ ሰውና ከብት ተጎድቷል ብሎ። በግንቦት 2010 ሚኒስቴሩ ፈቃዱን አገደ። ሕዝቡ ሰሚ አገኘ ማለት ይቻላል፣ ግን ስንት ዓመት ጠብቆ፣ በስንት ዋጋ? መጀመሪያውኑ ጥናቱ ተገልጦ፣ ሰው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ኩባንያውም ባልተዘጋበት፣ ወጣቱም መንገድ ላይ ባልወጣ።

ሐረማያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ ኬሚካል አይደለም፣ ፓምፕ ነው። ሁሉም ለጫቱና ለአትክልቱ ከሐይቁ ሲስብ፣ ደለሉም ሲሞላ፣ የሐረር ከተማ የምትጠጣው ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ባለፉት ዓመታት ውሃው መመለስ ጀምሯል። ግን ሐረር በመሐሉ ከድሬዳዋ በኩል በቱቦ ውሃ ለማምጣት ተገድዳለች። ቃሉ ላይ በየማሳው የሚገባውን ፓምፕ ስናይ ሐረማያ ትዝ ይለናል። ፋብሪካው ብቻ አይደለም ጉዳዩ፣ እኛም አለንበት፤ ደሴ ላይ ከድልድይ ፌስታል የሚወረውረው ኢንቨስተር አይደለም።

አንዱ ትልቅ ችግር ተጠያቂው መበተኑ ነው። ደሴ አንድ ከተማ አስተዳደር ናት፣ ኮምቦልቻ ሌላ፣ ቃሉ ወረዳ ነው፣ ከዚያ በታች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከዚያ አፋር ክልል። ወንዙ አንድ ነው፣ ቢሮው ብዙ ነው። ኮምቦልቻ የራሷን ፍሳሽ ብታጣራ ከላይ የደሴው ይመጣባታል፣ ደሴ ብታጸዳ ትርፉ ለኮምቦልቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ይህን ቋጠሮ ከታች ያለው ሰው ድምፅ ካልፈታው ከላይ ያለው ቢሮ በራሱ ተነስቶ የሚፈታው አይመስለንም።

ቅሬ አለን እኮ

ወሎ ውስጥ ሰው የሚያደራጅ ነገር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቅሬ አለ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ለቅሶ የሚደርስበት። መዝገብ አለው፣ ሊቀመንበር አለው፣ ያልመጣውን የሚቀጣበት ደንብ አለው። መስኖ ባለበት ቦታ ደግሞ ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት አለ። ግጭት ሲነሳ አበጋር አለ። እነዚህ ሰዎች ውሃ ላይ መወሰን ለነሱ አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ልጅ ብቻውን ማመልከቻ ቢያስገባ "የማን ልጅ ነህ?" ይባላል። አንድ ቅሬ ከ80 አባወራ ፊርማ ጋር ቢያስገባስ? ሦስት ቅሬ አንድ ቀን ላይ ቢያስገባስ? ሽማግሌዎቹ ስለ አንቀጽ 11 ላያውቁ ይችላሉ፣ እናንተ ታውቃላችሁ። እናንተ ደግሞ ቢሮ ስትገቡ የሚሰማችሁ ላይኖር ይችላል፣ እነሱ ሲገቡ ሁሉም ብድግ ይላል። ጋሼም፣ እትዬም፣ ሼኹም፣ ቄሱም ለቅሶ ቤት አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ፤ እዚያው ጉዳዩን ማንሳት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውን ፎቶ አሳዩአቸው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። ደሴ ላይ ዋናው ግቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ተቋሙ አለ። ተመራቂ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ፍለጋ ይጨነቃሉ። ከድልድይ እስከ ድልድይ፣ ከደሴ መግቢያ እስከ ቃሉ፣ በየወሩ ናሙና መውሰድ አንድ ጥሩ ርዕስ ነው። ዘንድሮ አንዱ ይጀምረው፣ ከርሞ ሌላው ይቀጥል። ውጤቱም ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ከሚተኛ ገጽ ላይ ይውጣ፣ ቦታ እኛ እንሰጣለን።

ጥር ላይ ዘመቻው ይመጣል፣ እንወጣለን። ዶማውን አንጠላውም። ግን የዘመቻው ዕለት አስተባባሪው ሁላችንን ሰብስቦ "ጥያቄ ያለው?" ሲል ሁሌም ዝም ነው የምንለው፣ ቶሎ ጀምረን ቶሎ እንድንጨርስ። በመጪው ጥር ሁለት ጥያቄ ይዘን እንውጣ፦ ከዚህ ተራራ በታች ያለው ወንዝ መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው? ውጤቱስ የት ነው የሚገኘው?

እስከዚያው ድረስ አቤቱታ ያስገባችሁ ወይም ከቅሬያችሁ ጋር ለማስገባት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። ስማችሁን ሸፍነን ያስገባችሁበትን ቀን እንለጥፋለን። 30ዋን ቀን አብረን እንቆጥራለን።